ኤልዳድ የመረጠው ጽጌረዳ

አስቴር ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ ግማሽ ቀን የምትፈጅ ሴት ናት። አንዱን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ትጥላለች፣ ወደ ሌላው ሻጭ ትሄዳለች፣ ዞራ ዞራ መጀመሪያ የጣለችው ላይ ትመለሳለች። የላፍቶ ባለሱቆች ጠባይዋን ስለሚያውቁ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት በርጩማ ያዘጋጁላታል። እንዲህ ያለችው ሴት ለግቢዋ የጽጌረዳ ችግኝ ልትመርጥ በሰኔ መጀመሪያ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስትነሳ፣ ልጇ ዶርቃ ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ሰበብ ፈጥራ ትቀር ነበር። ያን ቀን ግን "አብሬሽ እሄዳለሁ" ያለችው ራሷ ዶርቃ ናት።

ምክንያቱ ይህ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ሳሪስ ወደምትሠራበት መድኃኒት ቤት አጎቷ ጋሽ ወጋየሁ መጡ። ብቻቸውን ቢሆኑ የራስ ምታት ክኒን ፈልገው ነው ትል ነበር። ከኋላቸው ግን የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ መኩሪያ ቆመዋል፤ ሁለቱም በሥራ ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ዶርቃ የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች። ምን ሆናችሁ ብላ አልጠየቀችም። "ማን ነው?" ብቻ አለች።

ታላቅ ወንድሟ ኤልዳድ ነው። ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዝዋይ አጠገብ ካለው የአበባ እርሻ ሠራተኞችን ይዞ ይመለስ የነበረው፣ እሱም የተሳፈረበት ሰርቪስ ተገልብጦ ሞተ። የጋሽ ወጋየሁ ልጅ ልዑልቃል አስከሬኑን ሊያመጣ ወርዷል። ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ይገባል፤ ቀብሩም የዚያኑ ዕለት ነው።

"እናትሽ ደም ግፊት አለባት" አሉ ጋሽ ወጋየሁ። ድምፃቸው እንዳይሰበር ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። "ከመንገድ ሰው አፍ፣ ብቻዋን እንዳትሰማው። ነገ ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘመድ ተሰብስበን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ ከጎኗ አትለዪ። ስልኳን ያዢባት። ፊትሽን ታጠቢና እንደ ወትሮው ሆነሽ ግቢ፣ ልጄ።"

የእኛ ነገር እንዲህ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምን እንደገዛ ሳያድር የሚያወራ ሰፈር፣ መርዶ ሲሆን አፉን ይዘጋል። ባለሱቁ ያውቃል፣ የእድሩ ዳኛ ያውቃል፣ የጎረቤቷ ሠራተኛ ታውቃለች፤ የማታውቀው እናትየዋ ብቻ ናት። ደግነት ነው እንላለን፤ ደግነትም ነው። ነገር ግን ያን ደግነት ተሸክሞ የሚውል አንድ ሰው ይመረጣል፣ ለዚያ ሰው ማንም አያዝንለትም። ዶርቃ መድኃኒት ቤቱ ጓዳ ገብታ ጋውኗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ግማሽ ሰዓት ያህል አለቀሰች። ከዚያ ታጠበች፣ ኩል ተኳለች፣ ታክሲ ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

አስቴር ጫማዋን አድርጋ ጠበቀቻት። "ዛሬ ደግሞ በጊዜ መጣሽ?"

"ሥራ ቀዘቀዘ።"

"ተመስገን፤ ችግኝ ልገዛ ነው። ኤልዲ ነገ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው፤ እሱ ይተክለዋል።"

ዶርቃ መጀመሪያ እቤት እንሁን ልትል አሰበች። ግን እቤት ጎረቤት አለ፣ ስልክ አለ፣ አይኑ ቀልቶ የሚመጣ ዘመድ አለ። ችግኝ ጣቢያው ይሻላል፤ እዚያ የሚያውቃቸው የለም። እናቷ ነጠላ ልታመጣ ስትገባ ስልኳን ከጠረጴዛ አንስታ ዘጋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ስልክሽ ባትሪ የለውም፣ እኔ ይዤዋለሁ" አለቻት። አስቴር ስለ ስልክ ብዙ አታውቅምና እሺ አለች።

ጽጌረዳው የእናትና የልጅ ጉዳይ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ኤልዳድ ከሚሠራበት እርሻ ሃያ ቅርንጫፍ አምጥቶ ግቢው ውስጥ ሰካ። እስከ ግንቦት ጎረቤት ሁሉ ቆሞ የሚያየው አበባ ሆነ። ሐምሌ ላይ ግን ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጣ፣ ነሐሴ ላይ አንድም አልቀረም። አስቴር ለአበባ አለቀሰች ተብሎ እንዳይሳቅባት እያጨበጨበች ስትዘምር ሰነበተች። ኤልዳድ ግን ገባው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በስልክ ያስተምራታል፤ እሷም የስብከት ማስታወሻ በምትይዝበት ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እየጻፈች ትይዛለች።

"እማ፣ እኛ የምናመርተው ለካርቶን ነው፣ ለግቢ አይደለም" ይላታል። "አንገቱ እንዲረዝም፣ አውሮፕላን እንዲችል፣ ሰው ቤት አሥር ቀን እንዲቆይ ተብሎ የተዳቀለ ነው። ሽታውን እዚያው አጥፍተውበታል። ላስቲክ ቤት ውስጥ ተቀማጥሎ ያደገ ነውና ዝናብ ሲመታው ይታመማል። አንቺ ለላፍቶ የሚሆን ነው የምትፈልጊው።"

ሂርጳ የሚባለው ችግኝ ሻጭ ወንዙ ዳር፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ቦት ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ አፉ ግን ማር ነው። በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት የተደረደሩትን ጽጌረዳዎች የሚጠራው ራሱ ባወጣላቸው ስም ነው። ረጅሙን ብርቱካንማ "ኤክስፖርት" ይለዋል። ድርብርቡን ነጭ "ሙሽሪት"፣ ጥቁር ቀዩን "በርበሬ"፣ ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ፈዛዛ ቢጫ ደግሞ "ባላገር"።

አስቴር መነጽሯን አደረገች፣ ደብተሯን ገለጠች፣ ፈተና እንደሚሰጥ አስተማሪ ሂርጳ ፊት ቆመች።

"የሚሸተው የትኛው ነው?"

"ኤክስፖርትን ይዩት እናቴ፣ እዚህ ሰፈር እሱን ያልወሰደ የለም።"

አጎንብሳ አፍንጫዋን አበባው ውስጥ ከተተች። ቀና ብላ ዶርቃን አየችና "ወረቀት ወረቀት ይላል" አለች። "ይሄ የኤልዲ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ።"

ሂርጳ ሳቀ። ዶርቃም ሳቀች፤ መሳቅ ነበረባት። ጉንጯ እንዴት እሺ እንዳላት አላወቀችም።

ሙሽሪትን እንኳ ወዳት ነበር። ሽታዋም ደህና ነው። ግን ደብተሩ ላይ "ድርብርቡ የበዛ አይሁን፤ ክረምት ውኃ ይቋጥርና ሳይፈነዳ ይበሰብሳል" የሚል አለ። የእምቡጡን ቅጠሎች በጥፍሯ እየገለጠች ቆጠረች። አርባ ስትደርስ ተወችው። "አዝናለሁ፣ ሙሽራዬ" አለች ለአበባው፣ እውነት ያዘነች መስላ።

ቀሪዎቹን ከሥራቸው ነው የመረመረችው። አፈሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ ከታች ያለው ግንድ የቀጋ መሆኑን፣ ከላይ ያለው የተቀጠለበት መሆኑን ጠባሳውን እየዳሰሰች አረጋገጠች። ኤልዳድ ስለ ቀጋ ሲያወራ ስለ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። ቀጋ የአገሩ ጽጌረዳ ነው፣ የዱር ነው፣ የላፍቶን ጥቁር ዋልካ፣ ክረምት ረግረግ በጋ ድንጋይ የሚሆነውን አፈር የሚችለው እሱ ነው። ሂርጳ ይህን ሁሉ ከአንዲት እናት አፍ ሲሰማ በርጩማ አመጣላት።

"ማነው ያስተማረዎት?"

"ልጄ። የአበባ ባለሙያ ነው። ነገ ይመጣል፤ ይዤው እመጣና ታወራላችሁ።"

ዶርቃ ወደ ወንዙ ዞር ብላ አንድ የተሰበረ ማሰሮ አየች፤ እስኪያልፍላት ድረስ ማሰሮውን ብቻ አየች።

መጨረሻ ላይ ሁለት ቀሩ፤ በርበሬና ባላገር። ቦታው ደግሞ ለአንድ ብቻ ነው፤ ከኤልዳድ ክፍል መስኮት ሥር፣ በውኃ ታንከሩና በግድግዳው መካከል። በርበሬ እምቡጥ ይዟል፤ በሁለት ሳምንት ይፈነዳል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል።

"ግን አልዋሽዎትም" አለ ሂርጳ። "በርበሬ ሰው ይፈልጋል። ክረምት ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣበታል፤ በጊዜው የሚከረክመው፣ የሚረጨው፣ ዓይኑን የማይነቅልበት ሰው ከሌለ ይሞታል። ባላገር ምንም አይፈልግም። ሁለት ዓመት አበባ አያሳይዎትም፤ ከያዘ ግን መስኮቱ ላይ ወጥቶ ከእኛም በኋላ ይኖራል። ሽታው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው፣ ቀለል ያለች። የሚያውቅ ልጅ ካለዎት በርበሬን ይውሰዱ።"

"ልጅማ አለኝ" አለች አስቴር።

በርበሬን አነሳች። አስቀመጠችው። ባላገርን አነሳች። የሽንኩርቱ ነገር መጣ። ሩብ ሰዓት ያህል በሁለቱ መካከል ተመላለሰችና ደከማት። "ኤልዲ ይምረጥ" አለች። "ደውይለት እስቲ፣ ዶርቂ።"

"ሥራ ላይ ነው እማ።"

"ለሮዝማ ያነሳል። ደውይ።"

ያን ጊዜ ዶርቃ ኔትወርክ የለም ማለት ትችል ነበር። ብዙ ቆይታ ያሰበችው ይህንኑ ነው። ኔትወርክ የለም ማለት በአዲስ አበባ ማንም የማይጠራጠረው ውሸት ነው። ነገር ግን እናቷ በርበሬን እንደገና አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ዶርቃ የወንድሟን መስኮት አሰበች። በነሐሴ ማንም የማይከረክመው፣ ማንም የማይረጨው፣ በቆመበት የሚሞት ሁለተኛ ነገር እዚያ መስኮት ሥር ታያት። ይህን ልትታገሥ አልቻለችም። ስልኳን አወጣች፣ ወደ መንገዱ አምስት እርምጃ ሄደች፣ የጠቆረውን ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ኤልዲ" አለች። "እማ ሮዝ እየመረጠች ነው።"

ዝም ብላ አዳመጠች። የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ ከላይ አስፋልቱ ላይ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል።

"በርበሬ የሚሉት ቀይና ግድግዳ ላይ የሚወጣ። እሺ። እሺ። እነግራታለሁ።"

"ስጪኝ፣ እኔ ላናግረው" አለች እናቷ እጇን ዘርግታ።

"ዘጋው። ሥራ ላይ ነኝ አለ።"

"ምን አለ ታዲያ?"

"ባላገሩን ያዙ አለ።"

አስቴር ተገረመች። "ባላገሩን? በርበሬን የሚል መስሎኝ ነበር እኮ።"

"እንደ በፊቱ በየሳምንቱ መምጣት አልችልም፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ራሱን የሚችል ይሁን አለ።"

"እውነቱን ነው፤ ልጄን ሥራ ገደለው።" ከዚያ አሰብ አደረገችና "ጉንፋኑስ?" አለች። "ረቡዕ ሳናግረው ድምፁ ተዘግቶ ነበር።"

"ለቆታል።"

"ነገ በስንት ሰዓት እመጣለሁ አለ?"

ውሸት አንዴ በር ከከፈቱለት ብቻውን አይገባም። "በጠዋት" አለች ዶርቃ። "በጠዋት ነው የምመጣው አለ።"

አስቴር ደስ ብሏት ሳቀች። በርበሬን መለሰችና ባላገርን ተቀበለች፤ ሂርጳ የፍግ አፈር በፌስታል መረቀላት። እቤት እስኪደርሱ ባጃጁ ውስጥ ችግኙን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትዘምር ነበር። ማታ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ድንጋይ ለቀመች፣ ችግኙን ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ አቆመች፣ የኤልዳድን አንሶላ ቀየረች። ጋሽ ወጋየሁ ደውለው "እንዴት ናችሁ?" ሲሏት ዶርቃ "ደህና ነን" አለቻቸው። ጆሮዋ ላይ ስላደረገችው ስልክ አልነገረቻቸውም። የሚነገር ነገርም አልመሰላትም።

ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የግቢው በር ተንኳኳ። ዶርቃ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። እሷ ከመነሳቷ በፊት ግን የእናቷ ነጠላ ጫማ ሳሎኑን እየሮጠ ሲያቋርጥ ሰማች።

"ኤልዲ ነው! በጠዋት እመጣለሁ ብሏል አላልሽም?"

በሩን ከፈተች። ጋሽ ወጋየሁ ቆመዋል፣ አቶ መኩሪያ፣ ፓስተሩ፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው። እንዲህ ሆኖ በንጋት የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አስቴር የበሩን ብረት ያዘች።

"ማን ነው?" አለች። "ሆሳዕና ያለችው እህቴ ናት?"

አስገቧት፣ አስቀመጧት። ጋሽ ወጋየሁ አጠገቧ ተንበርክከው ሁለት እጇን ያዙ። "እህቴ፣ ጌታ ያጽናሽ" አሉ። "ኤልዳድ ነው። ወደ ጌታ ሄዷል። ሐሙስ ማታ፣ መኪና ተገልብጦ።"

ሴቶቹ ጩኸቷን ሊቀበሉ ተዘጋጁ፤ አንዷ ከኋላዋ መጥታ ትከሻዋን ያዘች። አስቴር ግን አልጮኸችም። ፊቷ በረድ ሲል፣ ደሙ ሲመለስ አዩት።

"ሐሙስ?" አለች። "አይደለም። ተሳስታችኋል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶርቃ አነጋግራዋለች። ሮዝ መርጦልኛል። ጉንፋኑም ለቆታል። ኤልዳድ የሚባል ሌላ ልጅ ይኖራል፤ እዚያ እርሻ ስንት ሺህ ሠራተኛ አለ።" እጇን ከጋሽ ወጋየሁ እጅ አውጥታ ደረቷ ላይ አደረገች። "ያቺን እናት እግዚአብሔር ያጽናት። ምስኪን። ሂዱ ለእሷ ንገሯት፤ እስካሁን አልሰማች ይሆናል።"

ሁሉም ወደ ዶርቃ ዞሩ።

ጋሽ ወጋየሁም ዞሩ። ሬሳውን በዓይናቸው አላዩም፤ ያየው ልጃቸው ልዑልቃል ነው፣ እሱም ገና መንገድ ላይ ነው። ዶርቃ የአጎቷን ዓይን አየች። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ነበር፤ የስልሳ ዓመት ሰው ፊት ላይ መታየት የሌለበት የልጅ ተስፋ። "እውነት ነው?" አሏት በቀስታ። "አነጋገርሽው?"

ሴቶቹ መካከል አንዷ "ኢየሱስ" አለች። ሌላዋ ስልኳን ማውጣት ጀመረች። ትንሽ ቢቆይ ቤቱ በሙሉ ልጁ አልሞተም ብሎ ሊነሳ ነው። ዶርቃ እናቷን አየች። እናቷ በኩራት ቀና ብላ፣ ልጄ ትመስክርልኝ ብላ፣ ፈገግ ብላ እየጠበቀቻት ነው።

"አልደወልኩም፣ እማ።"

"ምን አልሽ?"

"ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር እንጂ አልደወልኩም። ባላገሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ጉንፋኑ ለቆታል ያልኩሽም እኔ ነኝ።"

"በጠዋት እመጣለሁ ያለውስ?"

"እኔ ነኝ።"

አስቴር ልጇን እንደማያውቁት ሰው አየቻት። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ያጣ ይመስል ጥቂት ቆየ።

"ትናንት እዚያ ቆሜ ስስቅ" አለች ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣች፣ "ልጄ ሞቶ ነበር?"

"አዎ።"

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ እማ።"

የጮኸችው ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ ከየአቅጣጫው ተረባርበው ያዟት። ዶርቃም በመካከላቸው ተሽሎክሉካ ደርሳ የእናቷን ክንድ ያዘች። አስቴር ዓይኗን ሳትከፍት እጁ የማን እንደሆነ አወቀችና ከላይዋ ላይ አነሳችው።